የተገለበጡት ሁለት ቁጥሮች

ለአራት ወር ሰው ስለምን ከረምኩ። የለመንኩት ብር አይደለም። «እባካችሁ ይህቺን ነገር ለጓደኞቻችሁ አስተላልፉልኝ» ነበር የምለው። ባልደረቦቼን ለመንኩ፤ የዩኒቨርሲቲ ጓደኞቼን ለመንኩ፤ ፀጉሬን የሚያስተካክለኝን ልጅ ሳይቀር ለመንኩ። ሁሉም «አሪፍ ሐሳብ ነው፣ እሺ» ይሉኛል። ቴሌግራሜን ስከፍት የቻናሌ አባላት ቁጥር አርባ አንድ ነው። በማግስቱም አርባ አንድ። አንድ ቀን አርባ ሁለት ሆኖ ደስ ብሎኝ ገብቼ ባየው፣ አዲሱ አባል ጫማ የሚያስተዋውቅ ነጋዴ ሆኖ ተገኘ።

ሰለሞን እባላለሁ። የደሴ ልጅ ነኝ፤ ሐረር ለኬሚስትሪ መምህርነት ተመድቤ ከመጣሁ ዘጠኝ ዓመት አልፎኛል። ከእነዚህ ዓመታት ውስጥ ስምንቱን በቀን አንድ ፓኮ ሲጋራ እያጨስኩ ነው ያሳለፍኳቸው። ለማቆም ያሰብኩት ሐኪም አስፈራርቶኝ አይደለም። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዬ ያረምኩላትን ደብተር ስመልስላት ከፈት አድርጋ አሸተተችውና፣ ምንም ክፋት በሌለው ድምፅ «ቲቸር፣ ደብተሬ ሲጋራ ሲጋራ ይላል፤ እናቴ እኔ ያጨስኩ እንዳይመስላት» አለችኝ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ቤቴ ስገባ ግን ጠረጴዛዬ ላይ የተከመሩትን ደብተሮች አንድ በአንድ እያነሳሁ አሸተትኩ።

ሁለት ጊዜ ሞክሬ ወደቅኩ። በሦስተኛው ቆመልኝ። ሲጋራ ያቆመ ሰው ጠባይ መቼም ታውቁታላችሁ፤ ትናንት ያቆመ ዛሬ ሰባኪ ነው። እኔም ሦስት ወር እንደሞላኝ ለሲጋራ አቋሚዎች ነው ብዬ የቴሌግራም ቻናል ከፈትኩ። በየቀኑ ስለ ሳንባ፣ ስለ ልብ፣ ስለ ኒኮቲን እጽፋለሁ። አንድ ምስልም በስልኬ ሠራሁ። የጠቆረ ሳንባ፣ ከሥሩ በትልቁ «ሲጋራ ለማቆም ወስነዋል? ብቻዎን አይደሉም! አሁኑኑ ይደውሉ»፣ ከዚያ ስልክ ቁጥሬ። በጣም ኮርቼበት ነበር።

አንድ አርብ ከሰዓት በኋላ፣ ቲክቶክ ላይ ሰው የሚያስቅ አንድ የድሬዳዋ ልጅ ያንን ምስል ከየት እንዳገኘው እንጃ አገኘውና እየሳለ፣ እየተንፈራፈረ አነበበው። ቁጥሩን ሳይቀር ዘፈን አስመስሎ አወረደው። ሰው ሳቀ፤ ሲስቅ ደግሞ አስተላለፈ። ቅዳሜ ጠዋት ስነሳ ምስሉ በማላውቃቸው ግሩፖች ሁሉ ተበትኗል። የሰፈር እድር ግሩፕ፣ የባጃጅ ሹፌሮች ግሩፕ፣ የቡና ነጋዴዎች ግሩፕ። አንዱ ጋ ብቻ ያዩት ሰዎች ከአሥር ሺህ በልጠዋል። አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ ስልኬን በሁለት እጄ ያዝኩና መጀመሪያ የሚደውለውን ሰው ምን እንደምለው ተለማመድኩ።

ማንም አልደወለም።

አንድ ሰዓት ሆነ፤ ሁለት ሰዓት ሆነ። ስልኬን አጥፍቼ አበራሁት። ሸንኮር ሠፈር የምትኖር ባልደረባዬን ደውዪልኝ አልኳት፤ ደወለች፤ ይሠራል። እንግዲህ ችግሩ ሕዝቡ ነው ብዬ ደመደምኩ። ተናደድኩ። «ለመሳቅ ሲሆን አሥር ሺህ፣ ለመደወል ሲሆን አንድ ሰው ይጥፋ!» እያልኩ ክፍሌ ውስጥ ተንጎራደድኩ። በመጨረሻ ምናልባት ቁጥሩ አይነበብ ይሆን ብዬ ምስሉን ከፈትኩና፣ ፊደሉ ጥራት እንዳለው ለማየት እያነበብኩ ራሴ ደወልኩ። መቼም የራሴ ስልክ ስለሆነ «ተይዟል» ይለኛል ብዬ ነው።

ሁለቴ ጠራና ተነሳ።

«ወሪያ! አንተ ሰው! አንተም ሲጋራ ነህ?» አለኝ የሽማግሌ ድምፅ።

ደነገጥኩ። «ሄሎ? ማን ልበል?»

«ማን ልበል ይለኛል! ደዋዩ አንተ አይደለህ እንዴ? ስማኝ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ሼኽም አይደለሁም። ሲጋራህን ከፈለግክ ተወው፤ ካልፈለግክ ብላው! ሚስቴ ሆስፒታል ናት፤ ስልኬን ልቀቁልኝ አቦ!»

ዘጋው።

ምስሉን እንደገና አየሁት። የስልኬ መጨረሻ ስልሳ ሰባት ነው። ምስሉ ላይ የጻፍኩት ሰባ ስድስት። ለአራት ወር በየቀኑ አይቼዋለሁ፤ አንድም ቀን አላነበብኩትም። ከላይ ያለውን ጽሑፍ ግን ነጠላ ሰረዙ ሳይቀር ደጋግሜ አርሜዋለሁ።

መልሼ ደወልኩ፤ ተይዟል። ደግሜ ደወልኩ፤ ተይዟል። ሩብ ሰዓት ያህል ታግዬ ሲነሳልኝ ስድባቸውን ሳልጠብቅ «አባት፣ አይዝጉብኝ! ጥፋተኛው እኔ ነኝ። ቁጥሩን አሳስቼ የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኩ።

ከዚያ ቀስ ብለው «የት ነህ?» አሉኝ።

«ሐረር።»

«ፈላና በር ና። ሐጂ ዩሱፍ ገመድ ሻጩ ብትል ያሳዩሃል። ና፤ ፊትህን ልየው።»

የሁለታችንም ሲም ካርድ በአንድ ሰሞን እዚሁ ከተማ የወጣ ሳይሆን አይቀርም። ባጃጅ ይዤ ከአዲሱ ከተማ በግንብ ወደተከበበው አሮጌው ከተማ ወረድኩ። ሱቃቸውን ለማግኘት አልተቸገርኩም፤ የስልኩ ጩኸት መንገድ ላይ ይሰማል።

ሐጂ ዩሱፍ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ጢማቸውን በሂና ያቀሉ፣ ቀጭን ሰው ናቸው። ሱቋ ከሁለት ሰው በላይ አትይዝም። ገመድ፣ ጆንያ፣ ባልዲ፣ ሳሙና፣ ክብሪት አለ። ከጀርባቸው መደርደሪያ ላይ ደግሞ፣ ዓይኔን ማመን አቃተኝ፣ ሲጋራ ተደርድሯል። አንዱ ፓኮ በፍሬ ለሚገዛ ሰው ተከፍቶ ባንኮኒው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ይህን ሁሉ ሕዝብ ሲጋራ አቁም ብዬ የላክሁት ሲጋራ ሻጭ ዘንድ ነበር።

«አንተ ነህ?» አሉኝ ከላይ እስከ ታች እያዩ። «ሽማግሌ መስለኸኝ ነበር። ቁጭ በል።»

ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። ስልካቸው፣ ቁልፍ ያላት ትንሽ ስልክ፣ እጃቸው ላይ ትጮሃለች። ዘጉት። ወዲያው ጮኸ።

«ከትናንት ከሰዓት፣ ከአሱር ሶላት ጀምሮ ነው» አሉ። «መጀመሪያ ላይ ሳቅሁ። ቀጥሎ ሰደብኩ። አሁን መስደቢያም ጉልበት የለኝም። ስማኝ፤ ፈጡማ፣ ሚስቴ፣ አዲስ አበባ ሆስፒታል ተኝታለች። ሆዷ ውስጥ ዕጢ አለ ብለዋል። ዛሬ ቀዶ ጥገና ያስገቧታል። አብራት ያለችው ልጄ ኢክራም ናት፤ የሷ ስልክ ደግሞ ወድቆ ተሰብሮ ከሰው እየተዋሰች ነው የምትደውለው። እኔ ልደውል ብል በየትኛው? ስለዚህ እሷን ነው የምጠብቀው። ይኸው ላንተ ሲጋራ እየመለስኩ ነው የምጠብቀው!»

የምገባበት ጠፋኝ። «አሁኑኑ አጠፋዋለሁ ሐጂ» አልኩ።

«አጥፋው እንጂ! የጻፍከው አንተ አይደለህ?»

የራሴን ቻናል ከፍቼ አጠፋሁት። ስልካቸው ጮኸ። ሐጂ አዩኝ።

«አጠፋሁት አላልክም?»

«የኔን ነው ያጠፋሁት። ሰው ለሰው አስተላልፎታል፤ የነሱ ከነሱ ጋ ይቀራል።»

«ታዲያ ሰዎቹን ንገራቸው።»

«ሰዎቹን አላውቃቸውም።»

«ሱብሃነላህ! የማታውቀው ሰው እጅ ውስጥ የኔን ስልክ ምን ከተተው?»

ለየግሩፑ ኃላፊ መጻፍ ጀመርኩ። አንደኛው «ወንድሜ፣ ፖስቱ ስንት ላይክ አምጥቷል፣ እንዴት አጠፋለሁ? ትክክለኛውን ቁጥር ኮመንት ላይ ጻፈው» አለኝ። ጻፍኩ፤ በደቂቃ ውስጥ ከስልሳ የሚስቅ ፊት ሥር ተቀበረ። ሁለተኛው ጥያቄዬን አንብቦ ከግሩፑ አባረረኝ። የድሬዳዋው ቀልደኛ መልእክቴን አይቶ ዝም አለ። በራሴ ቻናል ላይ «አስቸኳይ እርማት» ብዬ ለቀቅኩ፤ በእግዜር ስም አስተላልፉልኝ አልኩ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሳይ አሥራ አራት ሰው አይቶታል። አንዱ አውራ ጣት አድርጎልኛል። ያ ጫማ ነጋዴ ነው።

ስህተቱን በአንድ ሌሊት አገር ምድሩ ተሸክሞት ሲሮጥ፣ እርማቱን አንድ ሰው ላንሳው የሚል ጠፋ። ስልኬን ድንጋይ ላይ ብፈጠፍጠው ደስ ባለኝ።

በመጨረሻ የቀረን መላ አንድ ብቻ ነበር። የሐጂን ስልክ ተቀበልኩና እኔ አነሳው ጀመር። ኢክራም መሆኗን ላጣራ፤ ካልሆነች «ቁጥሩ ተሳስቷል፣ መጨረሻው ስልሳ ሰባት ነው» ብዬ ቶሎ ልዝጋ። መስመሩ ባዶ ሆኖ መቆየት አለበት። ደዋዩ ወደ ትክክለኛው ቁጥር ሲዞር የኔ ስልክ ይጮሃል፤ ያንን ደግሞ ማንሳት አልችልም፤ ጆሮዬ የሐጂ ነው።

«ሄሎ፣ እኔ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ...» ይላል አንዱ።

«ቁጥሩ ተሳስቷል፤ ስልሳ ሰባት ነው መጨረሻው።» ጠቅ።

«እባክህ ባለቤቴ እንዳትሰማ ቀስ ብለህ...» ትላለች አንዷ በሹክሹክታ።

«ስልሳ ሰባት ነው።» ጠቅ።

«ጋሼ፣ እዚህ ካምፕ ውስጥ ሁላችንም...»

ጠቅ።

ለአራት ወር የጠበቅኳቸው ሰዎች እነዚህ ነበሩ። ስለ ሳንባ ስጽፍ፣ ስለ ኒኮቲን ስተነትን በሐሳቤ የነበሩት እነዚህ ነበሩ። አሁን አንድ በአንድ ጆሮዬ ድረስ መጡ፤ እኔም አንድ በአንድ ዘጋሁባቸው። መሃል ላይ አንድ ወጣት ሱቁ ደጅ ቆሞ «ሐጂ፣ ሁለት ፍሬ» አላቸው። ሐጂ ሁለት ሲጋራ አንስተው ሰጡት። ዓይኔን ሲያዩ «ምን ታፈጥብኛለህ? ሱቅ ነው» አሉኝ።

እኩለ ቀን አለፈ። ኢክራም አልደወለችም። ሐጂ ለዙሁር ሶላት ተነሱ። ጫማቸውን እያደረጉ «መስጊዱ ቅርብ ነው። ከደወለች ሮጠህ ጥራኝ። ደንበኛ ከመጣ ሽጥ» ብለውኝ ሄዱ። ከአንድ ቀን በፊት የማያውቁኝ ሰው ሱቃቸውንም ሚስታቸውንም ጥለውልኝ ሄዱ ማለት ነው።

ሐረርን ለማያውቅ ልንገር፤ ከምሳ በኋላ ያለው ሰዓት የበርጫ ሰዓት ነው። ሰው ጫቱን ይዞ ይቀመጣል፤ ምርቃናው ሲመጣ ሲጋራ ይጠራል። ጠዋት «በቃኝ» ያለ ሁሉ የሚወድቀው በዚህ ሰዓት ነው፤ እኔም ሁለት ጊዜ የወደቅኩት በዚሁ ሰዓት ነበር። ስለዚህ ጥሪው በረታ። ሱቁም ደንበኛ መጣለት። በአንድ እጄ ስልክ ይዤ «ቁጥሩ ተሳስቷል» እላለሁ፤ በሌላው እጄ ሲጋራ እሸጣለሁ። አንድ ፍሬ። ሁለት ፍሬ። አንድ ፓኮ። ሽታው እጄ ላይ ቀረ።

አንድ ጎርናና ድምፅ ያለው ሰው ግን አልቆረጥ አለኝ።

«ቁጥሩ ተሳስቷል» አልኩት።

«ግድ የለም፤ አንተው ስማኝ። ባጃጅ ነው የምነዳው፣ አብዲ እባላለሁ...»

«ወንድሜ፣ ስልሳ ሰባት ላይ ደውል።»

«ደወልኩ፤ አይነሳም! እዚህ የሚነሳው ያንተ ነው። አሁን ጓደኞቼ መሃል ተቀምጬ ወጥቼ ነው የደወልኩልህ። እጄ ውስጥ ይዤዋለሁ፤ ልለኩሰው ነው። የሆነ ነገር በለኝ...»

«ስልኩን ዝጋ አልኩህ!» ብዬ ጮህኩበት። «ሰው ታሟል እዚህ! ከፈለግክ ለኩሰው!»

ጠቅ።

የሆነውን ሳላስተባብል ልንገራችሁ። ሁለቱንም ስልኮች ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩ። ከተከፈተው ፓኮ አንድ ፍሬ አነሳሁ፤ ክብሪቱን ከጎኑ ወሰድኩ። ከሱቁ ጀርባ ባለችው ጠባብ መንገድ ገባሁና ግንቡን ተደግፌ ለኮስኩት። ሰባት ወር። ጭሱ ጉሮሮዬን አቃጠለኝ፤ አዞረኝ፤ አልጣፈጠኝም። ቢሆንም እስከ መጨረሻው አጨስኩት። አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው።

ስመለስ የሐጂ ስልክ ላይ አራት ያልተነሱ ጥሪዎች ነበሩ። ሦስቱ ሞባይል ናቸው። አራተኛው የአዲስ አበባ የመደበኛ ስልክ ነው።

ወዲያው ደወልኩ። ይጠራል፤ አይነሳም። ደገምኩ። አምስት ጊዜ ደወልኩ። በስድስተኛው አንድ የቸኮለ ሰው አነሳና «የዎርዱ ስልክ ነው፤ አስታማሚ አላውቅም» ብሎ ዘጋው።

ሐጂ ከመስጊድ ሲመለሱ ቆሜ ጠበቅኳቸው።

«ደወለች?»

«ደውላ ነበር መሰለኝ። አላነሳሁትም።»

«ሌላ ሰው እያወራህ?»

አዎ ብል ያበቃ ነበር። ማንም አያውቅም። ግን ጠጋ ብለውኝ ስለነበር አፍንጫቸው ቀደመኝ።

«አጨስክ?» አሉ።

«አዎ። ከዚህ አንስቼ። እሱን ሳጨስ ነው የደወለችው።»

ስልካቸውን ከእጄ ወስደው በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ። ስልኩ ጮኸ፤ አነሱት፤ ሲጋራ ነበር፤ ዘጉት። እንደገና ጮኸ። ዝምታቸው ከጠዋቱ ስድብ ይብስ ነበር። ውጣ ቢሉኝ እወጣ ነበር፤ አላሉኝም። ቁጭ በልም አላሉኝም። ባልዲዎቹ አጠገብ ቆሜ ቀረሁ።

ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ከማዶ ጨርቅ የምትሸጥ ጎረቤታቸው ስልኳን ይዛ እየሮጠች መጣች። ኢክራም አባቷን አጥታ ለድሬዳዋ ዘመዶች ደውላ፣ እነሱ ደግሞ የጎረቤቷን ቁጥር ሰጥተዋት ነው። ሐጂ ስልኩን ጆሯቸው ላይ አድርገው በአደርኛ ለረጅም ጊዜ አወሩ። ቋንቋቸውን ብዙም አልሰማም፤ ፊታቸውን ግን አነበብኩት። ሲጨርሱ ስልኩን ለጎረቤቲቱ መልሰው ወደኔ ዞሩ።

«ከጠዋት ጀምሮ ስትደውል ነበር። ተይዟል፣ ተይዟል፣ ተይዟል ይላታል። አንድ ጊዜ ጠራ፤ ማንም አላነሳም» አሉ። «ሐኪሞቹ ፈርሚ አሏት። ፈጡማ ደግሞ አርባ አራት ዓመት እኔን ሳታናግር ያደረገችው ነገር የለም። "ሐጂን ሳላናግር ቢላዋ አይነካኝም" አለች። ተራዋን ለሌላ ሰው ሰጡት።»

«ከዚያስ?»

«ሐሙስ ነው አሉ። ኢንሻአላህ ሐሙስ።» ከዚያ «አምስት ቀን ሙሉ ፍርሃቷን ተሸክማ ትተኛለች» አሉ።

«ሐጂ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኩ።

«ይቅርታን ለአላህ ተወው። አሁን ወደ ቤትህ ሂድ።»

ወጣሁ። ወደ በሩ አቅጣጫ ስራመድ የራሴ ስልክ ኪሴ ውስጥ ይጮሃል። ቀኑን ሙሉ ሲጮህ ነበር። ልዘጋው አወጣሁት፤ ለምን እንደሆነ ሳላውቅ አንስቼ «ሄሎ» አልኩ።

«አንተ ነህ እንዴ?» አለ ጎርናናው ድምፅ። «ቅድም "ዝጋ" ብለህ የጮህክብኝ?»

«እኔ ነኝ፤ ይቅርታ።»

«ይቅርታህን ተወው አቦ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። አንተ ራስህ አቁመሃል?»

ለዚህ ጥያቄ ዝግጁ መልስ ነበረኝ። ምስሉን ከሠራሁ ቀን ጀምሮ ተለማምጄዋለሁ። አፌ ላይ ደረሰና ተመለሰ።

«ሰባት ወር አቁሜ ነበር» አልኩት። «ዛሬ አንድ አጨስኩ።»

የዘጋው መስሎኝ ነበር፤ የባጃጁ ሞተር ግን ይሰማኛል።

«ዛሬ?»

«ዛሬ። አንተን ሰድቤ እንደዘጋሁ።»

«ወላሂ በል!»

«እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ግን እውነቴን ነው።»

ሳቀ። የፌዝ ሳቅ አልነበረም። «እኔም ለኮስኩት» አለ። «አንተ ለኩሰው አልከኝ፤ ለኮስኩት።» ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው ማውራት ጀመረ። ጠዋት ጠዋት ጀግና ነው። ምሳ ድረስ ትዝም አይለው። በርጫ ላይ ሲቀመጥ እጁ ራሱ ይሄዳል። ጓደኞቹን ቢተው ሌላ ሰው የለውም። የለጠፍኩትን ሁሉ አንብቦታል፤ «ሳንባዬ መጥቆሩን አውቃለሁ፤ ስምንት ሰዓት ላይ እጄን የት እንደማደርገው ነው የማላውቀው» አለኝ።

እኔ የአራት ወር ሰባኪ ያለኝን መልስ ሁሉ ፈተሽኩ። የለኝም። «እኔም አላውቅም» አልኩት። «ነገ በዚያ ሰዓት ደውልልኝ።»

«ደውዬ ምን እላለሁ?»

«ምንም። ስለ ባጃጅህ አውራኝ። ለኔም ያ ሰዓት ይከብደኛል።»

በማግስቱ እሑድ ደወለ። ስለ ባጃጁ ጎማ ሃያ ደቂቃ አወራን። እኔ በዚያን ሰዓት ሐጂ ሱቅ ደጃፍ ተቀምጬ ነበር። አልጠሩኝም፤ በራሴ ሄድኩ። መጀመሪያ አላናገሩኝም። ትንሽ ቆይተው ስልካቸውን ባንኮኒው ላይ ወደኔ ገፉት። እስከ ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስወጣ በቀጥታ እየሄድኩ አነሳሁ። ሐሙስ ጠዋት ኢክራም ስትደውል በመጀመሪያው ጥሪ ያገኘችው ራሳቸውን ሐጂን ነው። ወይዘሮ ፈጡማ ባላቸውን አናገሩ፤ ፈረሙ፤ ገቡ፤ በሰላም ወጡ። አልሐምዱሊላህ ሲሉ እኔም ከልቤ አሜን አልኩ።

ይህን የምነግራችሁ ታሪኩ አምሮ ስላለቀ አይደለም። አላማረም። ወይዘሮ ፈጡማ እነዚያን አምስት ቀናት በፍርሃት የተኙት በኔ ግድየለሽነትና በአንድ ፍሬ ሲጋራ ነው፤ ድነዋል ብዬ አልሰርዘውም። ያ ምስል ዛሬም አልጠፋም። ባለፈው ወር ደሴ ያለ የአክስቴ ልጅ «ሐረር ስለሆንክ ይጠቅምሃል» ብሎ ራሱኑ ላከልኝ። ሐጂ ዩሱፍ አሁንም ይደወልላቸዋል፤ አንስተው «ስልሳ ሰባት!» ብለው ይዘጋሉ፤ ሰላምታ እንኳ የለውም። ሲጋራ መሸጡንም አልተዉም። አንድ ቀን ልናገራቸው ብሞክር «አንተ መጀመሪያ የወሰድከውን ሒሳብ ስጥ» አሉኝ። አብዲም አምስት ሳምንት ቆይቶ ወደቀ፤ እንደገና ጀመረ፤ አሁን ሁለት ወሩ ነው። እኔ ያን ቅዳሜ የሰባት ወር ድካሜን አጥቼ ከአንድ ጀምሬያለሁ።

የተለወጠው ይህ ነው። ቻናሉን ዘጋሁት። ያኔ ስልሳ ሰባትን ታግሠው ደግመው የደወሉ ሰዎች ነበሩ፤ ከነሱ ጋር ትንሽ ግሩፕ አለን፤ ሃያ ሦስት ነን። ምስል አንለጥፍም። ስለ ሳንባ አንጽፍም። ስምንት ሰዓት ሲሆን ማን የት እንዳለ እንጠያየቃለን፤ የወደቀ ካለ «ወደቅኩ» ብሎ ይጽፋል፤ ማንም አይመክረውም፤ አንዱ ይደውልለታል። እንዲበዛ እፈልጋለሁ፤ አይበዛም። ይህ እስከ ዛሬ ያበሳጨኛል። የሚያስቅ ነገር አገር ያዳርሳል፤ ይህ ግን በሰው በሰው፣ አንድ በአንድ፣ እንደ ኤሊ ነው የሚሄደው።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ለሰው ይጠቅማል ብላችሁ የምታስተላልፉት ነገር ላይ ስልክ ቁጥር ካለ መጀመሪያ ራሳችሁ ደውሉበት። ከዚያ በላይ ግን አንድ ነገር ልለምናችሁ፤ ምስሉን ለመቶ ሰው ከመበተን የምታውቁትን አንድ አጫሽ በሚከብደው ሰዓት ደውሉለት። ምን እንደምትሉት ባታውቁም ግድ የለም።

ባለፈው ማክሰኞ ክፍል ውስጥ ሳለሁ ስልኬ ጠራ። ከሐረር ወጣ ብላ ድሬ ጠያራ ያለች አንዲት ገበሬ ሴት ናት። አማርኛዋ ከኦሮምኛ ጋር የተለወሰ ነው፤ የኔም ኦሮምኛ ከሷ አማርኛ አይሻልም፤ ተግባባን። ልጇ ማታ ማታ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ባሏ ደግሞ እቤት ውስጥ ያጨሳል። ቁጥሬን ከየት እንዳገኘች ጠየቅኳት። ስልኳ ምስል አያሳይም፤ ጫት ልትሸጥ ከተማ ስትመጣ አንድ የባጃጅ ሹፌር በቃሉ ነግሯት እሷም በቃሏ ይዛ ነው የሄደችው።

«ባልሽ አሁን አጠገብሽ አለ?» አልኳት።

«አለ። ደጅ ተቀምጦ እያጨሰ ነው።»

«ስልኩን ስጪው።»

ተማሪዎቼን ቀመሩን ጨርሱ ብዬ ወደ በረንዳው ወጣሁ። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ተንኮሻኮሸ። ሰውየው ለረጅም ጊዜ ሳለ። ሳሉን እስኪጨርስ ጠበቅኩት።

«እሺ» አለ በመጨረሻ፣ እንደማፈር ብሎ። «ከየት ልጀምር?»

«ከዛሬ ጠዋቷ ሲጋራ ጀምረህ አውራኝ» አልኩት።